ዳኛ ያላመጣ አይገባም

«ዳኛ ከሌለን እኮ ልጆቹን አያስገቧቸውም» አለ መምህር ዴሪክ፣ የሳንድዊች ሳህኑን ጉልበቱ ላይ እንዳስቀመጠ። የመጣው ለልቅሶ ነበር። ወዲያው ያመለጠችውን ቃል ሊውጣት ፈለገ፤ አርዲስ ግን ሰምታዋለች።

አርዲስ ትቬት ባሏን ቨርሊንን ገና አልቀበረችም። ቀብሩ ሰኞ ነው። ቤቷ ጎረቤት ባመጣው የተጋገረ ኑድል ተጥለቅልቋል፤ ውጭ ደግሞ የሳውዝ ዳኮታ በረዶ የመስኮቱን ግማሽ ሸፍኖታል።

በዚያ አገር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ክርክር ሲኖር እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ዳኛ ይዞ ይሄዳል። ዳኛው የሌላውን ትምህርት ቤት ልጆች ይዳኛል፣ የሌላው ዳኛም የእሱን። ዳኛ ያላመጣ ልጆቹን ይዞ ይመለሳል፣ አለቀ። የመምህር ዴሪክ ትምህርት ቤት ዳኛ ሁልጊዜ ቨርሊን ነበር። የነገው ውድድር ለፍጻሜው የሚያሳልፈው ሲሆን ማረንና ጆሲ የተባሉ ሁለት ልጃገረዶች ዓመቱን ሙሉ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ተዘጋጅተውበታል። ሌላ ሰው እንዳይለመን፣ ነገ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ አለ፤ ጨዋታ ባለበት ቀን ከዚያች ከተማ አንድ ሰው አይገኝም።

ቨርሊን የጋዝ ቦቴ ሾፌር ነበር። ቤት ውስጥ ቃል በግድ ነው የሚወጣው። ክረምት ሲገባ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር በአውቶቡስ ይጠፋል። ቲያትር ሲያሳዩ መድረኩን የሚሠራላቸውም እሱ ነው። አንድ ጊዜ አርዲስ የቁም ሳጥኗን በር ስትፈልግ ሰንብታ፣ ቲያትሩ ሲከፈት ንጉሡ በዚያው በር ከች አለ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እሷ አኮረፈች። በኋላ «ነይ አብረን እንዳኝ» ሲላት፣ ልጆች ሲጯጯሁ መስማት ምኑ ነው እረፍቱ ብላ ሳቀችበት። አንድም ቀን አብራው አልሄደችም።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች።

የሟች እህት ኮሪን ወጥ ቤት ጎትታ አስገባቻት። «አብደሻል? ወንድሜ ሳይቀበር? ለቀስተኛው ምን ይላል?»

«ኑድሉን በልቶ ይሂድ። ወንድምሽ ቢጠየቅ የት ሁኚ የሚለኝ ይመስልሻል?»

ኮሪን በሩን ገፍታ ወጣች። ጠዋት ግን ቴርሞስ ሙሉ ቡና ይዛ በር ላይ ጠበቀቻት።

መንገድ ላይ ዴሪክ ሥራውን አስረዳት። የራሷን አስተያየት ውጭ ትታ ትገባለች፣ የሰማችውን ትጽፋለች፣ ለተሻለው ትፈርዳለች። ፍርድ ሳይሰጥ የወጣ ዳኛ እንዳልመጣ ይቆጠራል፤ ያመጣቸው ልጆችም ከውድድሩ ይወጣሉ።

የደረሳት ክፍል ውስጥ ከተለያዩ ሩቅ ከተሞች የመጡ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ተፋጠጡ። ርዕሱ ልጆች በአሥራ አራት ዓመታቸው መኪና ይንዱ ወይስ አይንዱ የሚል ነው። አርዲስ ትራክተር የነዳችው በአሥር ዓመቷ ስለሆነ አስተያየቷን ውጭ መተው አሳሯን አበላት። ልጁ አይንዱ ብሎ በመኪና አደጋ ቁጥር ልጅቷ ላይ ወረደባት። ልጅቷ ሳትደነግጥ ብድግ አለች። አርዲስ ወንበሯ ጫፍ ላይ ወጣች፤ እርሳሷ ወረቀቱ ላይ ይሮጣል። ለካ ቨርሊን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጠፋው ለዚህ ነው!

«መኪና የከለከላችሁት ልጅ በትራክተር ይወጣል» አለች ልጅቷ። «በዚያው መንገድ፣ ያለ መንጃ ፈቃድ!»

አርዲስ ሳቋ አመለጣት። ቨርሊንን «ሰማሃት?» ልትለው ክርኗን ወደ ጎን ሰደደች። ጎኗ ባዶ ወንበር ነው።

እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

በክርክር ዓለም ዳኛ እርሳሱን ካስቀመጠ፣ ፈጥነሃል፣ አልተከተልኩህም ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ተከራካሪ የለም፤ ለአርዲስ ግን የነገራት አልነበረም። ልጅቷ ፊቷ ቀላ።

«ይቅርታ እትዬ፣ ፈጠንኩብዎት» አለች። ትንፋሿን ሰበሰበችና ከመጀመሪያው፣ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል ልትደግምላት ጀመረች።

አርዲስ ዓይኗን በሹራብ እጅጌዋ ጠርጋ እርሳሱን አነሳች።