በግራ የተበጠረ ባና

፩.

የታሰረው በነጭ የሱፍ ክር ነበር።

ትርንጎ ገደሉ ወገብ ላይ ቆማ ነዶውን አየችው። አሥራ ሁለት የኮሸሽላ ራስ፣ እሾኹ እንደ ጃርት የቆመ፣ አገዳው ስንዝር ስንዝር ተለክቶ የተቆረጠ። ቁርጡ ገና እርጥብ ነው። ቆራጩ ግን የለም።

ጉም ብቻ።

፪. (ባና ሲበጠር አይተህ ለማታውቅ)

ባና፣ ወፍራሙ የብርድ ልብስ፣ ከሱፍ ይሸመናል። ተሸምኖ ሲያልቅ በውሃ ይረገጣል። ሲደርቅ የኮሸሽላ ራስ ትይዝና ታበጥረዋለህ፤ እሾኹ ጠጉሩን ይስበዋል፣ ሸካራው ይለሰልሳል። ቀኝ እጁ የሚቀናው ጠጉሩን ወደ ቀኝ ያስተኛዋል፤ ግራኝ ወደ ግራ። አትቸኩል። ከቸኮልክ ትቀደዋለህ።

፫.

ወንድሟ ጌጤነህ ግራኝ ነበር። አምና በጥቅምት የአባታቸውን ባና እኩሌታውን አበጠረና፣ "ኮሸሽላው አልቋል፤ ቆርጬ መጣሁ" ብሎ ወደዚህ ገደል ወረደ። መጣሁ እንዳለ ቀረ።

አስከሬን አልተገኘም። አልተለቀሰለትም። የከለከሉት አባቱ ናቸው፤ አቶ ወልደጻዲቅ፣ ዓይናቸው የጠፋ ሸማኔ። ዘንድሮ ደረታቸውን ብርድ ሲይዛቸው ትርንጎን፣ "ያንን ባና ጨርሺና አልብሺኝ" አሏት። ኮሸሽላ ደግሞ ከገደሉ በቀር የትም የለም።

፬.

ነዶውን ስታነሳ ከጉሙ ውስጥ ተጠራች።

"ትርንጎ!"

አንድ ጊዜ።

ከገደል ለሚጣራ አቤት እንደማይባል የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ነዶውን እንዳቀፈች፣ አፏን በነጠላዋ አፍና ሽቅብ ሮጠች።

ድምፁን አላወቀችውም ብዬ ልጽፍ ነበር።

አወቀችው።

፭.

ቤት ገብታ እስከ እኩለ ቀን ጥቂት አበጠረች። ከዚያ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ስትመለስ የተባባሉት ይህ ነው፦

አባት፦ ጨረሽልኝ። ተባረኪ።

ትርንጎ፦ ኧረ ገና ነው፣ አባዬ።

አባት፦ (ባናውን እየዳሰሱ) አልቋል እኮ።

ትርንጎ፦ ማን ገባ?

አባት፦ ጠጉሩ ወደ ግራ ተኝቷል።

ትርንጎ፦ አባዬ! ማን ገባ?

አባት፦ ሲጠራሽ ለምን ዝም አልሽው?

፮.

ጎረቤታቸውን እትዬ ዘነቡን ልትጠራ በረረች። ይዛቸው ስትመለስ፣ አልጋው

ባዶ።

ደጁ ጭቃ ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሄደበት ዱካ አለ። አንደኛው የአባቷ ነው። ባናው የለም፤ ምርኩዛቸው ግን በሩ ሥር እንደተደገፈ ነው።

፯.

ገደሉ አፋፍ ላይ እትዬ ዘነቡ ክንዷን አፈፍ አደረጉ።

"እንዳትጣሪ! ይህ ገደል ስም ሲጠሩበት የተጠራውን ሰው ይመልሳል ይባላል። አንድ ብቻ። ሌላው በዚያው ነው።"

"ካልጠራሁስ?"

እትዬ ዘነቡ ክንዷን ለቀቁ።

ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ሁለት ሰዎች እየተጨዋወቱ ሲወርዱ ይሰማል። አንዱ ያስላል። አንዱ ይስቃል።

፰.

ጌጤነህ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። የታጨችለት ልጅ ዛሬም አላገባችም።

አባቷ ሰባ አልፏቸዋል። እናቷ በወሊድ ስትሞት ትርንጎን በፍየል ወተት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ዓመት ሙሉ ካንድ ሁለት ቃል በላይ እምብዛም አይናገሩም ነበር። አሁን ግን፣ እዚያ ታች፣ ወሬያቸው አያባራም።

ሳሉ ራቀ። ሳቁም ራቀ።

፱.

ጠራች።

እትዬ ዘነቡ ማንን እንደጠራች ሰምተዋል፤ ቢለመኑም አይናገሩም። ከጉሙ አንድ ሰው ብቻ ወጣ፤ ባናውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ ቀስ እያለ። ትርንጎ እግሩ ላይ ወድቃ፣ ለቀረው እያለቀሰች፣ የመጣውን ሳመችው።

፲.

አንተ ብትሆን የምትጠራውን ስም እዚህ ጻፍ፦