ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ

መነን የምትነዳው ፍሬን የሌለው ሞተር ነው። አባቷ አቶ ግርማቸው ይህን መጀመሪያ ሲሰሙ ሞተሩ የተበላሸባት መስሏቸው «ታዲያ ለምን አታሠሪውም?» ነበር ያሏት። እሷም እየሳቀች፣ ሞተሩ ሲሠራም ፍሬን እንዳልተገጠመለት፣ ስፒድዌይ የሚሉት ውድድር እንዲህ መሆኑን፣ አራት ሰው በአፈር ሜዳ ላይ ወደ ግራ ብቻ እየታጠፈ፣ የኋላ ጎማውን እያንሸራተተ፣ አራት ዙር እንደሚሽቀዳደም አስረዳቻቸው። ሳምንቱን ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ የሰው ስብራት ስታስታምም የምትውል ነርስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የራሷን አጥንት ልትሰብር ስትሄድ ምን ይባላል? አቶ ግርማቸው ምንም አላሉም። ምንም ሳይሉ ሁለት ዓመት አለፈ። ኩርፊያ ሲያውቁበት እንዲህ ነው።

ያስታረቃቸው ሜዳው ነው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቤቱ ጭር ሲልባቸው፣ አንድ ቅዳሜ ከሚኖሩበት ከኦክላንድ ጎረቤት ከተማ ኒውአርክ ድረስ ነድተው፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ የተደበቀችውን ትንሽ ስታዲየም ፈልገው አገኟት። የቆርቆሮ አጥር፣ ቀለሙ የተላላጠ የእንጨት መቀመጫ፣ የነዳጅ ሽታ። ልጃቸው በግራ እግሯ የብረት ጫማ አጥልቃ፣ ያንን እግር መሬት ለመሬት እየጎተተች፣ አፈሩን በተመልካቹ ላይ እየበተነች ስትመጣ አዩ። ጮሁ። ፈርተው ይሁን ኮርተው ዛሬም አያውቁትም። ከዚያ ወዲህ አንድም ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም። ክለቡም ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው አይቶ ታጣፊ ወንበር ገዛላቸውና ጀርባው ላይ «ፓፓ ጂ» ብሎ ጻፈበት። የአቶ ግርማቸው የክብር ስም ይኸው ሆነ።

አባትና ልጅ ሌላ የሚነጋገሩበት ቦታ የላቸውም። በስልክ «እንዴት ነሽ?»፣ «አይም ጉድ» ተባብለው ያበቃል። እዚያ ግን መነን ሄልሜቷን አውልቃ፣ ፊቷ አቧራ በአቧራ ሆኖ ወንበራቸው አጠገብ ትቆማለች። ስለ ሞተሩ፣ ስለ ሥራዋ፣ አንዳንዴም ስለ እናቷ ታወራለች። ስለዚህ ስታዲየሙ ሊፈርስ ነው የተባለ ዕለት አቶ ግርማቸው ልጄን ሁለተኛ ላጣት ነው ብለው ፈሩ።

መሬቱ የሚስስ ሃሎራን ነው፤ እዚያው አቅራቢያ ዳብሊን የምትባል ከተማ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው። ሟቹ ሞተር ይወዱ ስለነበር ሜዳውን ለክለቡ ለቀውለት ኖረዋል። አሁን አፓርትመንት የሚሠራ አንድ አልሚ መጥቷል። ከተማው ከመፍቀዱ በፊት ግን ሂሪንግ የሚሉት፣ ሕዝቡ ቀርቦ የሚቃወምበት ስብሰባ ነበረ፤ የክለቡም ተስፋ እሱ ነበር። ሳን ሆዜ ጋራዥ ያለው የድሬዳዋ ልጅ ሀምዛ፣ የክለቡ ሊቀመንበር፣ ተወዳዳሪውንም ተመልካቹንም ለዚያ ቀን ሲያሰባስብ ሰነበተ። ተናጋሪ እንድትሆን የተመረጠችው መነን ናት። ሥራ አስፈቅዳ፣ ንግግሯን መስታወት ፊት እየቆመች ስትለማመድ ከረመች።

አቶ ግርማቸው ግን ስብሰባ አይወዱም። በተማሪነታቸው ዘመን ስብሰባ ጠግበዋል፤ ከስብሰባ ጠብ እንጂ ሌላ ነገር ሲገኝ አላዩም።

«ለመሆኑ ለሴትየዋ ሽማግሌ ልከናል?» አሉት ሀምዛን።

«ጋሼ፣ እዚህ አገር ይሠራል ብለው ነው?»

«ሽበት የማይከበርበት አገር የት አለ? የመሬቱ ባለቤት እያለች ከአጥሯ ጋር ምን ያሟግተናል?»

ሀምዛ ሚስቱን በሽማግሌ ያገኘ፣ ሁለት ጊዜም በሽማግሌ የታረቀ ሰው ስለሆነ እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም። መነን ግን ስትሰማ ደነገጠች።

«ዳዲ፣ ፕሊስ ዶንት። ሂሪንጉ ይበቃል።»

«አንቺ ንግግርሽን አጥኚ» አሏት።

ሦስት ሆነው ሄዱ። አቶ ግርማቸው፣ ጡረታ የወጡት ፕሮፌሰር ሰረቀብርሃን እና ፓስተር ኩምሳ። ከሦስቱ ስለ ሞተር የሚያውቅ ባይገኝም፣ ኦክላንድ ውስጥ ተጣልተው እነሱ ያላስታረቋቸው ባልና ሚስት ጥቂት ናቸው። ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው የሚስስ ሃሎራንን በር አንኳኩ። ቀደም ብለው ደውለው ስለነበር ሻይና ብስኩት ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ ሴትየዋ።

ማን ይቀመጣል! የተላከ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ካልተፈጸመለት ወንበር አይነካም። ከተቀመጠ ደግሞ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ምርቃት ብቻ ነው።

«እመቤቴ፣ የመጣንበት ካልሆነልን አንቀመጥም» አሉ አቶ ግርማቸው በዚያ ጥንቅቅ ባለው የዱሮ እንግሊዝኛቸው። ስለ ሜዳው ተናገሩ፣ ስለ ሟቹ ባላቸው ስም ለመኑ፣ ልጃቸውን ያገኙት እዚያ መሆኑንም ሳይደብቁ ነገሯቸው። ፕሮፌሰሩ ንግግር ጨመሩ፤ ፕሮፌሰሩ ከጨመሩ ደግሞ ቶሎ አያልቅም። ፓስተር ኩምሳ ተራቸው ደርሶ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ የአቶ ግርማቸው ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሚስስ ሃሎራን አዩ። ከወንበራቸው ብድግ ብለው ክርናቸውን ያዟቸው፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«እሺ! እሺ፣ የፈለጋችሁት ይሁን፤ ብቻ እባካችሁ ተቀመጡ!»

ሦስቱ ተያዩና ተቀመጡ።

ፓስተር ኩምሳ እጃቸውን ዘርግተው ቤቱን፣ ሟቹን፣ የልጅ ልጆቹን አንድ በአንድ መረቁ። ሴትየዋም አሜን አሉ። ብስኩቱ ተበላ። የሟቹ ፎቶግራፎች ወጥተው ታዩ፣ ተሳቀ። ስለ መሬቱ ግን አንድም ቃል አልተነሣም። የተፈጸመን ነገር መልሶ ማንሣት ሰውን አለማመን ነው፤ ነውር ነው።

መኪና ውስጥ ፕሮፌሰሩ «በጽሑፍ ቢያደርጉልን አይሻልም ነበር?» ሲሉ አቶ ግርማቸው ተቆጡ።

«ሽማግሌ አስቀምጦ የካደ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

ፕሮፌሰሩ አስበው አስበው አላየሁም አሉ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ገና ዳብሊንን ሳይለቁ ለሀምዛ ኮል አደረጉለት። «አለቀ! ተቀምጠናል!» ሀምዛ አልሐምዱሊላህ ብሎ ሲያበቃ ትንሽ አመነታ።

«ሂሪንጉስ፣ ጋሼ?»

«እሺ ካሉን በኋላ አደባባይ ወጥተን ልንቃወማቸው? ነውር አይደለም እንዴ! ሰዉን በትን።»

ሀምዛ በተነ። መነን በስልክ «ዳዲ፣ አር ዩ ሹር?» አለች። «እኔ አባትሽ» አሏት በኩራት። እሷም አባቷን አምና ያስፈቀደችውን ቀን መለሰችና ሥራ ገባች።

በስብሰባው ዕለት ተቃዋሚ አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አዳራሹ ባዶ ነበር። ፕሮጀክቱ ጸደቀ። ሀምዛ ዜናውን ስልኩ ላይ አንብቦ ለአቶ ግርማቸው ሲነግራቸው «ስህተት ነው» አሉና ዳብሊን ደወሉ። ሚስስ ሃሎራን ድምፃቸውን ሲሰሙ ደስ አላቸው።

«ጉልበትዎን ተሻለዎት? ያን ቀን እኮ በጣም ነው የደነገጥኩት።»

«እሺ ብለውን ነበር» አሉ አቶ ግርማቸው።

ሚስስ ሃሎራን ነገሩ አሁን ገባቸው።

«ወዳጄ፣ ሊወድቁ ነበር እኮ! እንዲቀመጡልኝ ብዬ ነው። ውሉን የፈረምኩት እናንተ ሳትመጡ በፊት ነው። ውሉ የሚፈርሰው ከተማው ከከለከለ ብቻ ነው ብለውኝ ነበር። እውነቱን ልንገርዎት፣ ቢከለክል እኔም ደስ ባለኝ። ግን ከእናንተ አንድም ሰው ሳይመጣ ሲቀር፣ ሊሰናበቱኝ ኖሯል የመጡት አልኩና አለቀስኩ።»

አቶ ግርማቸው አመስግነው ስልኩን ዘጉ። ሴትየዋን ሊረግሙ ከጅሏቸው ነበር፤ ምን ብለው ይርገሟቸው? አዝነውላቸው ወንበር የሰጡ ሰው ናቸው። ያንን ሁሉ ሕዝብ ከስብሰባው ያስቀሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሐፍረቱ አላስበላ አላስተኛ አላቸው። መነን ጋ ቢደውሉ አታነሣም። በድጋሚ ቢደውሉም አታነሣም።

ሜዳው ሊዘጋ የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። የበደለ ሰው ሽማግሌ ይልካል እንጂ ራሱ አይሄድም፤ እሳቸው ግን ማንን ይላኩ? ፓስተሩ «አሁንስ በምን ፊቴ» አሉ፣ ፕሮፌሰሩም ጉንፋን ያዘኝ አሉ። ስለዚህ ያንኑ ሱፍ ለብሰው፣ ያንኑ ከረባት አስረው ብቻቸውን ኒውአርክ ሄዱ። ሀምዛ ጨበጣቸው፤ ዓይን ዓይናቸውን ግን አላያቸውም። ወንበራቸው እንደ ወትሮው አጥሩ አጠገብ ተዘርግቷል። አልተቀመጡበትም። ውድድሩ ተጀምሮ እስኪያልቅ፣ ፀሐዩ አናታቸው ላይ እያረፈ፣ አጥሩን ይዘው ቆሙ። መነን በመጨረሻው ውድድር ሦስተኛ ወጣች። ሞተሩን አጥፍታ አንድ ዙር በእግሯ እየገፋች ሜዳውን ዞረችው፤ ሰዉ አጨበጨበላት። ከዚያ አባቷን አየች፤ ሄልሜቷን አውልቃ መጣችና ራቅ ብላ ቆመች።

«የመጣሁበት ካልሆነልኝ አልቀመጥም» አሉ አቶ ግርማቸው።

መነን አማርኛው ቢቸግራት ወጉን ታውቀዋለች፤ ያደገችው ሽማግሌ በማይጠፋበት ቤት ነው። ሱፋቸውን አየች፣ ከረባታቸውን አየች። 

«ዳዲ፣ ሲት ዳውን።»

«ይቅር ብለሽኛል?»

«ኖ» አለች። ቀጥላም፣ እንዲገባቸው ብላ ይሁን እንጃ፣ በአማርኛ ደገመችላቸው። «አላልኩም። ገና አልችልም። ግን ጉልበትህ ይንቀጠቀጣል። ተቀመጥ።»

ወንበሩን ጎትታ ከኋላቸው አስጠጋችላቸው። አቶ ግርማቸው የዚህ ወንበር ትርጉም አሁን ገብቷቸዋል። የልጃቸውን ክንድ ያዙና፣ ምንም ሳይፈጸምላቸው፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ።