ፊቱን ያዞረው ፕሮፔለር

ልብስ ሰፊዋ ከወንድሟ ሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ እስክትደርስ ምላሷን መንገድ ላይ ስላ ጨርሳ ነበር።

«ለእህትህ ልጅ የሞተ ሞተር ታሸክማለህ? ቀኙ አራት መቶ ሃያ ግራም ሲስብ ግራው ሦስት መቶ! ነገ አስተማሪዎቿ ፊት የሠራቻት ትንሽ አውሮፕላን ተጣምማ መሬት ትላስ?»

ሱቁ ሰው ሞልቶታል። ደጁ ላይ ያለው ጫማ ሰፊ መዶሻውን አቆመ።

«እትዬ፣ ቀስ በይ። ሁለቱንም ፈትሼ ነው የሰጠኋት» አለ ወንድሟ።

«ፈታሽ! አንተ የነካኸው ሬዲዮ መቼ ተናግሮ ያውቃል?»

ሰው ሳቀ። አንዲት ሴት ልታስጠግን ያመጣችውን ሬዲዮ አንስታ ወጣች። ወንድሟ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ ተከተላት።

ቤት ውስጥ ልጅቷ የሞዴል አውሮፕላኗን ጭራ በገመድ ከሚዛን ጋር አስራ፣ ሞተሮቹን በየተራ እያስነሳች ትለካለች። ግራው አሁንም ሦስት መቶ። አጎቷ አጠፋውና ጎንበስ ብሎ ፕሮፔለሩን ዳሰሰ።

«እዚህ ላይ ያለው ጽሑፍ ወደ ፊት መሆን ነበረበት። ተገልብጦ ገብቷል፤ እንዲህ ሆኖ አየሩን በደንብ አይገፋም።»

ፈትቶ አዞረው። ሞተሩን ሲያስነሳው ሚዛኑ አራት መቶ አሥራ ስምንት አለ።

«ማነው የነካው?» አለች ልጅቷ።

እናትየው ወደ ስፌት መኪናዋ ዞር አለች። ልጇ «እማዬ፣ እንዳትነኪው» ብላት ነበር። እሷ ግን አቧራ አይታ መች ያስችላታል! ትናንት ፕሮፔለሮቹን ፈትታ የስፌት መኪናዋን በምታብስበት ጨርቅ ወለወለች፤ የልጇን ኮቴ ስትሰማ ግራውን ቸኩላ እንደነገሩ መለሰችው።

ወንድሟ አውራ ጣቱን አሸተተ። የስፌት መኪና ዘይት። ቀና ብሎ እህቱን አየት አደረጋት፤ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ።

«እኔ ነኝ። ስገጥመው ቸኩዬ ይሆናል» አለ።

እናትየው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ቢሰድባት ትመልስለት ነበር፤ ስድብ ታውቅበታለች። ይሄን ግን በምን ትመልሰው?

«ውሸቱን ነው» አለች። «እኔ ነኝ የገለበጥኩት።»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። ወንድሟ «ተይው እትዬ፣ አለቀ» አለ።

«አላለቀም። ተነስ፣ ሱቅህ እንሂድ። የጮህኩት እዚያ ነው።»

«ደንበኞቹ እኮ ሄደዋል።»

ነጠላዋን አነሳች። «ጫማ ሰፊው አለ አይደል? እሱ ከሰማ ሁሉም ሰማ።»