በዘምዘም ቤት ያለው ቅጂ

«ታዲያ የት አኖርሽው?»

«አይጠየቅማ! አደራ ይጠየቃል እንዴ?»

እንደሻው ይህን የሰማው ልጅ ሳለ፣ መንግሥት በተለወጠበት ሰሞን፣ ከመጋረጃ ጀርባ ተኝቶ ነው። ጠያቂዋ እናቱ ነበረች። መላሿ ጎረቤት ትሁን የገበያ ወዳጅ አያውቅም። ከሁለቱ አንዷ ስትስቅ ይታወሰዋል፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን ጠፍቶበታል። የተደበቀው ካሴት ነበር። ወታደሩ አባቱ ከግንባር ድምፁን ቀድቶ የላከው ነው። ያኔ ቤት ይፈተሽ ስለነበር፣ የወታደር ነገር እንዳይገኝባት ብላ እናቱ ለሰው ሰጠችው። አባቱ ሳይመለስ ቀረ፤ እናቱም ወባ ይዟት ድንገት ሞተች። ካሴቱን ያኖረችው ማን እንደሆነች የሚናገር አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ እንደሻው፣ በሩን ቆልፎ ተመልሶ መቆለፉን የሚነካ ሰው ሆኖ አደገ።

ሲጎለምስ ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በሸዋ በር አጠገብ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ከፈተ። ሙያውን የተበላሸ እየፈታ ነው የተማረው። ሸሪኩ ያሬድ የሚባል ሳቂታ ልጅ ነበር። ያሬድ ከሱቁ ሥራ ሌላ የነፍስ ሥራ ነበረው። ዓይነ ስውሩ መሪጌታ ዮሐንስ ዜማው ከእሳቸው ጋር መቃብር እንዳይገባ ፈርተው ለምነውት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ድምፃቸውን ይቀርጽ ነበር። በየቀረጻው መጀመሪያ ላይ የያሬድ ድምፅ አለ፤ ቀኑን ይናገራል፣ መሪጌታን ያስቃል፣ አንዳንዴም «እማዬ ምሳ ይዛ ትጠብቀኛለች፤ ዛሬ እንዳያስረዝሙት!» ይላል።

ቀረጻው ሲበዛ ያሬድ ከኢንተርኔት አንድ ፕሮግራም አወረደ። ሥዕል የለው፣ የሚነካ ነገር የለው፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ትእዛዝ ይጻፍለታል፣ በጽሑፍ ይመልሳል። ሥራው የእያንዳንዱ ፋይል ቅጂ በየትኛው ዲስክ ላይ እንዳለ መያዝ ነው። ዲስኩ ተነቅሎ ሌላ ሰፈር ቢቀመጥ እንኳ «የት አለ?» ሲሉት ይናገራል። «አጥፋ» ሲሉት ግን፣ ሌላ ቦታ በቂ ቅጂ መኖሩን ራሱ ካላረጋገጠ እንቢ ይላል። ለዚህ ነው ያሬድ «አለቃ» ብሎ የሰየመው።

«ይቺን ላጥፋት?» ይላል እንደሻው።

«አለቃ አይፈቅድም። ከአለቃ ጋር አትጣላ፣ ደመወዝህን ይቆርጥብሃል!»

እንደሻው ይስቃል፤ በልቡ ግን «እናቴ እንዲህ ያለ አለቃ በነበራት» ይላል።

ያሬድ አንዱን ዲስክ ጀጎል ውስጥ ላሉት ለወይዘሮ ዘምዘም ሰጠ። ዘምዘም ጊደር መጋላ ገበያ ላይ ከያሬድ እናት ከወይዘሮ ለተማርያም ጎን ለጎን ተቀምጠው ቅመም ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። «የድንጋይ ቤት ነው፤ የእኛ ሱቅ ቢቃጠል የእሳቸው ይተርፋል» አለ ያሬድ።

በክረምቱ መሪጌታ ዐረፉ። አርባቸው ሳይወጣ ያሬድ ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ወይዘሮ ለተማርያም ከለቅሶው በኋላ እንደሻውን ጠሩት። «ድምፁን አሁን አልችለውም። ልቤ ሲበረታ እሰማዋለሁ። እስከዚያ ጠብቅልኝ» አሉት።

«እጠብቃለሁ፣ እማማ» አለ።

ከዚያ የሱቁ ኮምፒውተር በሰርግ ፎቶ ሞላ። ቀረጻዎቹ ሱቅ ባለው በሌላው ዲስክም በዘምዘም ቤትም ስላሉ፣ ከኮምፒውተሩ ሊያጠፋቸው አዘዘ። አለቃ እንቢ አለ፤ የዘምዘምን ዲስክ አላየሁትም ነው ነገሩ። ዲስኩን አምጥቶ መሰካት ነበረበት። ግን አሳፈረው። ያመኑትን ሰው ደጅ ላይ ቆሞ «ያኖሩት ነገር አለ ወይ?» ማለት፣ «እጠረጥርዎታለሁ» ከማለት በምን ይለያል? ፕሮግራሙ ደግሞ ሌላ ትእዛዝ ነበረው፤ ይህን ዲስክ ሳታይ እመነው የሚል። እንደሻው ያንን ጻፈ። አለቃም ዝም ብሎ አጠፋ።

ግንቦት ላይ መብራት ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ ሱቁ የላስቲክ ቃጠሎ ሸተተ። ሱቅ ውስጥ የቀረው ዲስክ ተቃጥሎ ነበር። እንደሻው «የት አለ?» ብሎ ጻፈ።

አለቃ አንድ መስመር መለሰ፤ ዘምዘም ቤት።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባው። አለቃ የነገረው ያየውን አይደለም፤ እንደሻው ራሱ የነገረውን ነው መልሶ የነገረው።

በማግስቱ ጠዋት ጀጎል ገባ። የዘምዘም ቤት ግድግዳ ሊገባ ባለው ረመዳን ምክንያት አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ሽታው ሲመታው ሌላ ፍርሃት ያዘው። ለቅብ ዕቃ ሁሉ ይወጣል፤ የወጣ ሁሉ ይመለሳል?

«እንደምን አደሩ፣ እማማ?»

«አልሀምዱሊላህ። ግባ ልጄ። ምነው አመድ መሰልክ?»

«ያሬድ እርስዎ ዘንድ ያኖረው ትንሽ ዕቃ ነበር...»

የዘምዘም ፊት እንደ በር ተዘጋ። «ማን ነገረህ?»

«አብረን ነበር የምንሠራው። አይስጡኝ ግድ የለም፤ አለ ወይም የለም ብቻ ይበሉኝ።»

«አማና አይጠየቅም። አለም አልልህ፣ የለምም አልልህ። የሰጠኝ ሰው እጁን ዘርግቶ ይምጣ።»

እንደሻው ከመጋረጃው ጀርባ የተኛው ልጅ ሆነ። አማናም አደራ ነው፤ ያው ቃል ነው።

«የሰጠዎት ሰውማ ሞቷል።»

«አላህ ይርሐመው። እንግዲያ የሥጋ ዘመዱ ይምጣ። አንተ ምኑ ነህ?»

«ሸሪኩ።»

«የሞተ ሰው ሸሪኩ ብዙ ነው!» አሉና ቡናማ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

በጠባቡ መንገድ ሲመለስ የሚያየው ሁሉ አስፈራው። ቆሻሻ የጫነች አህያ ባለፈች ቁጥር ጆንያው ውስጥ ዲስኩ ያለ መሰለው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ አማተበ፤ የሚለምንበት ቃል ግን አጣ። በመጨረሻ «አንተ ታውቃለህ የት እንዳለ» ብቻ ብሎ አለፈ።

ለወይዘሮ ለተማርያም ሳይሸሽግ ነገራቸው። ጥቁር ልብሳቸውን ጨብጠው ሰሙት።

«አሁን አለ ወይስ የለም?»

«አላውቅም፣ እማማ።»

«መስማቱን ፈርቼ አቆየሁት» አሉ ቀስ ብለው። «ፈርቼ ላጣው ነው?» ተነሥተው ነጠላቸውን አደገደጉ።

ዘምዘም ለተማርያምን ደጃቸው ላይ ሲያዩ አቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩና፣ ከድንጋዩ መደርደሪያ ጀርባ አንድ የወተት ቆርቆሮ አወጡ። ክዳኑ ሲከፈት የቅርንፉድ ሽታ ቤቱን ሞላው።

«ትል እንዳይበላው ቅርንፉድ ውስጥ ቀበርኩት» አሉ በኩራት።

እንደሻው ማልቀስ ቃጣው። ዲስኩ እንደ ዶሮ ወጥ ቅመም ጠጥቷል። በጨርቅ ጠረገው፣ መሰኪያውን እፍ አለው፣ ይዞት የመጣው፣ አለቃ የተጫነበት ላፕቶፕ ላይ ሰካው። ዲስኩ ቂው፣ ቂው አለ፤ ዝም አለ፤ እንደገና ተንቀሳቀሰ። አለቃን ፋይሎቹን አንድ በአንድ እንዲመረምር አዘዘው።

የመጀመሪያው ተበላሽቷል አለ። ቀጣዩም ተበላሽቷል።

«ምን ይላል?» አሉ ለተማርያም።

«ይቆዩ፣ እማማ» አለ እንደሻው፣ ዓይኑን ከሰሌዳው ሳያነሣ።

ሦስተኛው ደህና አለ። ቀጥሎ ያለውም ደህና። ከዚያ ደህና፣ ደህና እያለ ሰሌዳው ወደ ላይ መሮጥ ጀመረ። እንደሻው አንዱን ከፈተ።

«...እማዬ ምሳ ይዛ ትጠብቀኛለች፤ ዛሬ እንዳያስረዝሙት!» መሪጌታ ሲስቁ ተሰማ።

ለተማርያም በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። «አጥፋው» አሉ። ሊዘጋው እጁን ሲሰነዝር ግን ክንዱን ያዙት። «አይ፣ ተወው። ይናገር።»

እስኪያበቃ ሰሙት።

እንደሻው የተረፉትን ወደ ላፕቶፑና ወደ አዲስ ዲስክ ሲገለብጥ ቆየ። ሳታይ እመነው ያለውንም ትእዛዝ ሻረ። ሲጨርስ አዲሱን ዲስክ ለዘምዘም ዘረጋ። «ይኼ እርስዎ ዘንድ ይሁን። ግን እየመጣሁ ልጠይቅዎ፣ እየሰካሁም ልየው።»

«ሌባ ነኝ?» አሉ ዘምዘም ደማቸው ፈልቶ። «ይኼን ሁሉ ዘመን አማና ስጠብቅ የጠየቀኝ የለም!»

«ብትሞቺስ፣ ዘምዘም?» አሉ ለተማርያም። «እኔስ ብሞት?»

ያኔ እንደሻው የአባቱን ካሴት ነገር ተናገረ። የሴትዮዋንም ቃል፣ እንደሚያስታውሰው።

ዘምዘም ዲስኩን በመዳፋቸው ይዘው ቆዩ። «ያቺ ሴት እኔ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

«ብሆን ግን እንደሷ ነበር የምለው» አሉ። ዲስኩን በጨርቅ ጠቀለሉት፤ ቅርንፉዱን አይተው ተዉት። «እሺ። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ና። ደጄ ላይ ቆመህ አለ ወይ በለኝ፤ አለ እልሃለሁ፣ አውጥቼም አሳይሃለሁ።»

የጠቀለሉትን ዲስክ ከመደርደሪያው ጀርባ አኖሩት።

«ከጠፋም፣ ወላሂ አልደብቅህም። የለም እልሃለሁ።»