የሊቀመንበሩ የማይታይ ጓድ

የሺሀረግ የራሷን ግማሽ የሚያህል ድንጋይ ተሸክማ የመጋዘኑን ቁልፍ ልትፈረካክስ ስትል ልጇ ደሳለች ከኋላ መጥታ ወገቧን ጥምጥም አደረገቻት።

“እማዬ ተይ! የቀበሌ እሽግ እኮ ነው፤ የሰበረ ይታሰራል!”

“ልቀቂኝ! ልታሰር! የእስር ቤት ጣሪያ ቢያንስ አያፈስም!”

ቁጣዋን ያየ ሰው፣ ያን ቀን እንጦጦ ተራራ እንኳ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። ከበሩ ጀርባ አርባ ሦስት ጀበናና ድስት ተደርድሯል። ደርቋል እንጂ ገና እሳት አላየም። እሳት ያላየ ሸክላ ደግሞ ውሃ ሲነካው ወደ እናቱ፣ ወደ ጭቃ ይመለሳል። የመጋዘኑ ቆርቆሮ ወንፊት ነው። የሰባ ዓመተ ምሕረት ሰኔ ገብቷል፤ ደመናው ቀጨኔ ላይ ዝቅ ብሎ፣ እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል። የሁለት ወር ልፋቷን ከጭቃ የሚለየው አንድ ዶፍ ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ ያመጣው የጎረቤቷ የንግሥት አፍ ነው። ልጇን ተቅማጥ ቢይዘው “ሸክላ ሠሪዋ በላችው! መጋዘኗ ውስጥ የማይታዩ አሽከሮች አሏት” ብላ ሰፈሩን አነቃነቀችው። ልጁ በጤና ጣቢያ ሽሮፕ በሦስት ቀን ድኖ አሁን አጥር ለአጥር ይዘላል። መጋዘኑ ግን እንደታሸገ ቀረ። ያሸገው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ታረቀኝ ነው። እሑድ ስብሰባ ላይ ድምፅ ማጉያውን ጨብጦ፣ “ቡዳ የሚባል ነገር የለም! አድኃሪዎች የፈጠሩት ተረት ነው!” እያለ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጮኸ፤ ሲጨርስ ደግሞ “ለሰፊው ሕዝብ መረጋጋት ሲባል” ብሎ በሩን ቆልፎ ማኅተም ለጠፈበት።

እናትና ልጅ ሲተናነቁ ታረቀኝ ራሱ በጓሮ በኩል ብቅ አለ። ወገቡ ላይ ያንጠለጠለው ሽጉጥ መድፍ ያህላል፤ ዓይኑ ግን ሥጋ ሰርቃ እንደተያዘች ድመት ይቅበዘበዛል። የሺሀረግ ድንጋዩን ጣለች።

“እትዬ የሺ፣ ብቻዎን ላነጋግርዎ ነበር” አለ። ያን ቀን “ጓዲት” አላላትም።

“ልጄ የማትሰማው ነገር የለኝም። ይናገሩ።”

“እ... ማለቴ፣ እነዚያ የሚሏቸው... አሽከሮቹ...” ግራ ቀኙን ቃኘ። “አሽከር እንኳ የፊውዳል ቃል ነው። የማይታይ ጓድ እንበለው። አንድ እንዲሰጡኝ ነው፤ ባይሆን አሠራሩን ያሳዩኝ። በታችኛው ቀበሌ ሊቀመንበር ላይ ሰኞ ዕለት ተተኮሰ፤ ተራው የኔ ነው። ትልቅ አልልም። ለጀማሪ የሚሆን፣ ትንሽ።”

የሺሀረግ ደሟ ከእግር ጥፍሯ ተነሥቶ እስከ ማተቧ ፈላ። ስታልፍ ልጆቻቸውን በነጠላ የሸፈኑባት፣ ድስቷን ገዝተው በአመድ ሰባት ጊዜ የፈተጉ፣ የደሳለችን እጮኛ “ዘሯን አጣራ” ብለው ያሸሹ፣ ሁሉም ባንድ ሰው ገላ ተጠቅልለው ፊቷ የቆሙ መሰላት።

“እሑድ የለም አላሉም?”

“እሑድማ ስብሰባ ነው።”

“የለኝም! ኖሮኝም አያውቅም!”

“እንግዲያው እኔም ቁልፍ የለኝም።” ሰማዩን ቀና ብሎ አየ። “ዛሬ ሳይዘንብ አይቀርም።”

ደሳለች ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። “አለኝ በይውና ይገላግለን። ምን ቸገረሽ?”

የቸገራትማ ይኸው ነበር። አለኝ ካለች ሸክላው ይተርፋል፤ ግን ንግሥት እውነተኛ ትሆናለች፣ ደሳለችም ዕድሜ ልኳን የቡዳ ልጅ ተብላ ትቀራለች። የለኝም ካለች ክረምቱን የሚበሉት ጭቃ ነው። ጥርሷን ስታፋጭ ወፍጮ ቤት የተከፈተ መሰለ።

“አለኝ አልልህም” አለች። እርስዎነቱ እዚያው መሬት ወደቀ። “የማውቀውን ግን አስተምርሃለሁ። ሱሪህን ሰብስብ። በመጀመሪያ መጋዘኑን ክፈት፤ ጭቃህ የሚያድረው እዚያ ነው። ቁልፉም እኔ ጋ ይቆያል።”

ከፈተ። ሰጣት። ደሳለችም ፀሐይ እስኪወጣ ድረስ ብላ ሸክላውን በላስቲክ ሸፈነችው።

“አሁን ወንዝ ወርደህ አፈር ትቆፍራለህ። ስትመለስ በትልቁ መንገድ ነው።”

“በጓሮ አይሆንም?”

“በጓሮ የመጣ አፈር አይያዝም።”

ሊቀመንበሩ ከነሽጉጡ አፈር ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ በጉለሌ ያላየው ቢኖር እናቱ ሆድ ውስጥ የነበረ ብቻ ነው። ላቡ የቀጨኔን ወንዝ ሞላ። ጫማውን አስወልቃ ጭቃውን በእግሩ አስረገጠችው።

“ኃይሉ የሚገባው በየትኛው ሰዓት ነው?” አለ እያለከለከ።

“ጠጠሩን ልቀም! አንዲት ጠጠር ከቀረች እሳት ላይ ይፈነዳል።”

በሁለተኛው ቀን ሰው መሳይ ነገር ጠፈጠፈ። አንዱ ትከሻው ከሌላው ያዘነበለ፣ ጭንቅላቱ እንደ ድንች ነበር። የሺሀረግ “ምን እንዲሠራልህ ነው?” ብላ ጠየቀችው።

“ይጠብቀኝ። ጸሐፊው የሚያማኝንም ይስማ። ጥይት ይመልስ። ጉልበቴንም የሚያመኝ...”

“ለጀማሪ አንድ ሥራ! ጀበና ቡና ያፈላል እንጂ በርበሬ አይወቅጥም።”

“እሺ በቃ፣ ይጠብቀኝ። ምን አበላዋለሁ?”

“መጀመሪያ አንተ ብላ።” ዳቦዋን ቆርሳ በጭቃማ እጇ ዘረጋችለት።

ታረቀኝ ዳቦውን አየ፣ እጇን አየ፣ ሰማዩንም አየ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ኪኒን ዋጠው።

“ካልሞትክ ነገ ተመለስ” አለች የሺሀረግ። ደሳለች ሳቋ እንዳያመልጣት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰረች።

አልሞተም። ሦስተኛውንም ቀን መጣ፤ በላ። በአራተኛው ቀን ፀሐይ ስትወጣ እናትና ልጅ ሸክላውን ሁሉ አውጥተው ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ከመሩበት፤ የሊቀመንበሩንም ጓድ መሐል አስቀመጡት። ከሰዓት በኋላ አርባ ሦስቱም አንድ ሳይቀሩ እንደ በርበሬ ቀልተው ወጡ። ጓዱ ትከሻውን እንዳዘነበለ ጠቁሮ ወጣ። የሺሀረግ አንስታ በጥፍሯ መታችው። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ።

ታረቀኝ በሹክሹክታ “ገባ?” አለ።

“ሳይሰነጠቅ በሰለ ማለት ነው። ጥበቤ ይኸው ነው፤ አርባ ዓመት የሠራሁት ይኸው ነው። ሌላ የለም።”

“እየደበቁኝ ነው።”

“ሁለት ቀን ከእጄ በላህ። ታመምክ?”

“ኧረ አልታመምኩም።”

“ይህንኑ እሑድ በድምፅ ማጉያህ ትናገራለህ?”

ታረቀኝ ጭቃ የያዘ ጫማውን አየ።

“እሑድማ፣ እትዬ የሺ... ስብሰባ ነው።”

ምስሉን በኮቱ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ወሸቀ። ከዚያ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ ድምፁን አወፍሮ፣ እጁን ዘረጋ። “ቁልፉን። እሽጉ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ መመሪያ ነው።”

የሺሀረግ አልጮኸችም። ቁልፉን መቀነቷ ጫፍ ላይ አኖረች፤ አንዴ ቋጠረች፣ ደግማ ቋጠረች፣ ጫፉን በጥርሷ ስባ አጠበቀችው።

“ጓድህን ላከው” አለች፤ “እሱ ይቀበለኝ።”