ግድግዳው የሰማው ምጸት

እንጅባራ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። ከጎኔ ባለው ክፍል የሒሳብ መምህሩ ዓባይነህ እየጮኸ ያስተምራል። «ድምፅህን ቀንስ!» እያልኩ ግድግዳውን ያልደበደብኩበት ቀን የለም። ጠመኔ ሲያልቅብኝ ቀድሞ የሚደርስልኝ ግን እሱ ነው።

ሰኞ ዕለት ትራጄዲ እያስተማርኩ ሳለሁ ተማሪዎቼ ይሳሳቃሉ። ደሜ ፈላ።

«ድራማዊ ምጸት ማለት ተመልካቹ የሚያውቀውን ነገር ባለታሪኩ ሳያውቅ ሲቀር ነው! ምኑ ያስቃል?»

ወርቅአፈራሁ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ምሳሌ ልስጥ? ትናንት አያቴ ፈረሳቸውን ጭነው፣ ሌሎች ሽማግሌዎች አስከትለው አዘና ሄዱ፤ የአንዲት መምህርት አባት ዘንድ። የላኳቸው የሒሳብ መምህራችን ናቸው። ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። የማታውቀው መምህርቷ ብቻ ናት።»

አባቴ የሚኖረው አዘና ነው። ከትናንት ጀምሮ ብደውል ብደውል ኔትወርክ የለም። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ።

«አባትየው ምን አሉ?» አልኩ፣ እንደ ምንም ድምፄን አረጋግቼ።

«‹ልጄን ሳልጠይቅ ቃል አልሰጥም› ብለው መለሷቸው። ቲቸር፣ ታዲያ ይኼ ትራጄዲ ነው ኮሜዲ?»

ከግድግዳው ወዲያ ያ ሁሉ ጩኸት ጭጭ ብሏል።

«ኮሜዲ ነው!» አልኩ፣ አዘና ድረስ እንዲሰማ አድርጌ።

ወዲያው ግድግዳው ከወዲያ በኩል ተደበደበ።

«ሸጋ፣ ድምፅሽን ቀንሺ!»