በቢላ የተገመሰ ኪኒን

“ድጎማዎ ተነሥቷል፣ እማማ።” ባለመድኃኒቷ ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይኗን አላነሣችም። “ዛሬ ኪኒኑን ከፈለጉ በሙሉ ዋጋ ነው።”

እማማ ቆጥቡ የጤና ጣቢያውን የመድኃኒት መስጫ መስኮት ጠርዝ ጨበጡ። ሰፈርተኛው ይህን ስም ያወጣላቸው ከክፍል ክፍል እየዞሩ መብራት ስለሚያጠፉና ለልጅ ልጆቻቸው ሳሙና እንኳ ቆርሰው ስለሚሰጡ ነው። የደም ግፊት ኪኒናቸውን ግን መንግሥት ነበር የሚሸፍንላቸው፤ ዕድሜው ለገፋ ሰው ሁሉ በየወሩ ከዚህ መስኮት ይሰጣል። በሙሉ ዋጋ ከሆነ ልጃቸው በልብስ ስፌት የምታገኘው ወይ ለቤት ኪራይ ነው ወይ ለኪኒን። ለሁለቱ አይበቃም።

“ምነው? ሞታለች ተባለ እንዴ?”

“እኔ አላውቅም፣ እናቴ። ፎቅ ላይ ያለውን የድጎማ ኃላፊ ይጠይቁ።” ክንዳቸውን ስባ ግፊታቸውን ለካችና ፊቷ ተለወጠ። “ቶሎ ይበሉ ደግሞ፤ ግፊትዎ ጣሪያ ነክቷል። ኪኒኑን በሥርዓት ይወስዳሉ አይደል?”

“እወስዳለሁ” አሉ፤ ዓይናቸውን ግን ወደ ቦርሳቸው አሸሹ።

ደረጃውን በየመታጠፊያው እያረፉ ወጡ። ኃላፊው ሸሚዙን አሳምሮ የተኮሰ ወጣት ነው፤ አነጋገሩ ለስላሳ፣ የታመመ ሰው የሚያባብል ይመስላል።

“ሁለት ወር በተከታታይ መድኃኒትዎን አልወሰዱም፣ እናቴ። ያልወሰደ ሰው ድኗል ተብሎ ይነሣል። መመሪያው ነው።”

“የደም ግፊት ጉንፋን ነው እንዴ የሚድነው?”

“ታዲያ ለምን ቀሩ?”

እማማ ቆጥቡ በቦርሳቸው የያዙትን ጣሳ ዳሰሱ። ድጎማው የመጣ ዕለት ከደስታው ይልቅ ስጋቱ ነበር የበረታባቸው። ጠዋት ተሰጥቶ ማታ የሚነጠቅ ነገር እያዩ ነው ያረጁት። ስለዚህ ከመጀመሪያው ፓኬት ጀምረው እያንዳንዷን ኪኒን በሽንኩርት ቢላ ለሁለት እየገመሱ፣ ግማሹን እየዋጡ ግማሹን ለክፉ ቀን በጣሳ ያስቀምጡ ነበር። ጣሳው ጢም ሲል ደግሞ “እስቲ ለሌላው ችግረኛ ይትረፍ” ብለው ቀሩ።

“ቆጥቤ ነዋ!” አሉና ሁሉንም ነገሩት።

ኃላፊው ፈገግ አለ። “ግማሽ ከዋጡማ ጥፋቱ የእርስዎ ነው። እንግዲህ ሐኪም እንደገና መርምሮ ‘ታማሚ ናቸው’ ብሎ ይጻፍልዎት። ወረፋው ግን ረጅም ነው፤ ከሦስት ወር በፊት አይደርስዎትም።”

“እስከዚያስ?”

“እስከዚያ እንግዲህ ይታገሡ።”

“እኔስ ልታገሥ፤ ግፊቱን ማን ታገሥ ይበልልኝ?”

ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሳቅ ተሰማ። ከዘራውን በጉልበቶቹ መሃል የተከለ ጡረተኛ ሾፌር ነው።

“እርስዎስ ግማሽም ቢሆን ይውጣሉ፣ እቴ። እኔ ቀን እየዘለልኩ ነው። ድሮ ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቼ ነበር የምወርደው፣ ነዳጅ ለመቆጠብ። ልማድ አይለቅም።”

“ዝም በል፣ አንተ ሰውዬ!” አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ በክርናቸው ጎሸሙት። “አንተንም ድነሃል ሊሉህ ነው?”

አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት አረጋውያን ሁሉ፣ የእነሱም ጉድ የወጣ ይመስል አቀረቀሩ። እማማ ቆጥቡ አንድ በአንድ አዩአቸው። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞሩ።

“ይሄ ሁሉ ሰው ድኗል?”

“እናቴ፣ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ።”

“ዕድሜዬን ሙሉ ዝቅ አድርጌዋለሁ! ቆጥቡ አላችሁን፤ ቆጠብን። ስንቆጥብ ዳናችሁ አላችሁን። ስንሞትስ ምን ልትሉን ነው? ተሻላቸው?”

ኃላፊው ወረቀቶቹን ማገላበጥ ጀመረ። በዚህ መሃል የእማማ ቆጥቡ ስልክ ጮኸ። ልጃቸው ናት። በመድኃኒት ቀን ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ትደውላለች፤ እሳቸውም ሁልጊዜ “አትጨነቂ፣ ሁሉም ደኅና ነው” ይሏታል።

ስልኩን እንዲጮህ ተዉት። ጣሳውን ከቦርሳቸው አውጥተው ክዳኑን ከፈቱና ሁለት ግማሾች መረጡ። ከኃላፊው ጆግ ሳያስፈቅዱ ውኃ ቀዱ። ሁለቱንም በአንድ ጉንጭ ዋጡ።

ከዚያ ስልኩን አነሡ።

“አልሰጡኝም፣ ልጄ… የለም፣ የለም፣ እንዳትከፍዪ! ለኪራዩ የያዝሽውን እንዳትነኪ። ሥራሽን ጨርሰሽ ነይ። የት? እዚሁ ነኛ፣ ኃላፊው በር ላይ። ካልሰጡኝ ዛሬ ወደ ቤት አልመለስም።”

ወደ አግዳሚው ሄዱ። ሾፌሩ ከዘራውን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀላቸው። ጣሳውን እንደተከፈተ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት።

“እንካ፣ የዛሬውን አትዝለል” አሉት። “ያንተም እንደኔው የግፊት ከሆነ።”